ጎንበስ ብለው የሚሻገሩት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከአለቃዬ ጋር ያጣላኝ ፀጉሬ ነው። የዘመድ ሠርግ ነበረብንና ሹሩባ ተሠርቼ ነበር። ፋብሪካ ስደርስ ነጭ ቱታ፣ የጫማ ሽፋን፣ ጓንትና የፀጉር ቆብ ሰጡኝ፤ አቧራ የማይገባበት ክፍል ነው የምንሠራው። ቆቡ ሹሩባዬን አልይዝ አለ። የፈረቃው አለቃ ጋዲ ይባላል፣ ያን ጊዜ ገና ጎረምሳ ነበር። «ወይ ፍቺው ወይ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለኝ። ሁለት ቆብ ደራርቤ ገባሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስንጨቃጨቅ ይኸው ለጡረታ ደረስኩ።

ስሜ በላይነሽ ነው፣ ሥራ ቦታ ቤላ ይሉኛል። ፋብሪካችን ያለው እስራኤል አገር፣ ረሆቮትና ኔስ ጺዮና የሚባሉት ከተሞች በሚዋሰኑበት፣ ቂርያት ቫይዝማን ውስጥ ነው። ለመኪና የሚሆን የሙቀት ካሜራ እንሠራለን። ሰው «የጨለማ መነጽር» ይለዋል፤ መነጽር አይደለም። ብርሃን አይፈልግም። የሞቀ ነገር ሁሉ፣ ሰውም ይሁን ውሻ ወይም ሞተር፣ ስክሪኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል፤ የቀዘቀዘው ጥቁር ነው። ሾፌሩ ያላየውን መንገደኛ ካሜራው ቀድሞ ያይለታል።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ሌንስ መጥረግ ነበር። ይህ ሌንስ እንደ መስታወት ወዲያ ማዶ አያሳይም፤ ግራጫ ነው፣ ብረት ነው የሚመስል፣ ጀርማኒየም ይሉታል። በጣት ከነኩት የጣት ቅባት ይቀርበታል፣ ከዚያ እንደገና መጥረግ ነው። ያን ዕለት ካሜራ በተነጣጠረበት ጠረጴዛ ላይ እጄን አሳርፌ ባነሳ የእጄ ቅርጽ ስክሪኑ ላይ ነጭ ሆኖ ቀርቶ አየሁ። «እግዚኦ!» ብዬ ጮኽኩ። ጋዲ ሳቀብኝ። «ካሜራው ማን እንደሆንሽ አያውቅም» አለኝ፤ «ሙቅ መሆንሽን ብቻ ነው የሚያውቅ።»

ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ? ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን መጥተን ስንት ዓመት የሰው ቢሮ ስጠርግ ኖሬያለሁ። በየገበያው በር ፈታሾቹ ከፊቴ ያለችውን ፈረንጅ ዝም ብለው ያሳልፉና እኔን «ቦርሳሽን ክፈቺ» ይሉኛል። እንደዚህ የኖረ ሰው ቀለም የማያይ ማሽን ሲሠራ ደስ ባይለው ነው የሚገርመው። ቤት ሄጄ ለባሌ «ዛሬ ሁላችንም ነጭ ሆነን ዋልን» አልኩት፤ ሳቅን።

ከመጥረግ ወደ ኪዩል አሳደጉኝ። ኪዩል ማለት ካሜራውን ማስተካከል ነው። በልክ የሚሞቅ ጥቁር ሳህን አለ። ካሜራውን ፊቱ ትተክያለሽ፤ ሳህኑ ከዳር እስከ ዳር ወጥ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ታስተካክያለሽ። አንድ ጥጉ ከጠቆረ ትደግሚያለሽ። ብዙ ሰው ይሰለቸውና ይሄዳል። እኔ ትዕግሥት የማጣው ከሰው ጋር ነው፣ ከዕቃ ጋር ተጣልቼ አላውቅም።

ጋዲ ደግሞ አድጎ መንሃል ሆነ፣ ሥራ አስኪያጅ ማለት ነው። ምን ዓይነት አስኪያጅ እንደሆነ በአንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ደንበኛ መጣና ካሜራው መኪናው አፍንጫ ላይ ሲተከል አያምርም፣ ውስጥ ከፊት መስታወቱ ኋላ ይሁንልኝ አለ። ሙቀት እኮ በመስታወት አያልፍም! ይህን ከመሐንዲስ እስከ ዘበኛ የማያውቅ የለም። ተነገረው፤ እሱ ግን «ደንበኛው ያለውን ሥሩ፣ ያላ፣ ቶሎ በሉ!» አለ። ሠራን። ደንበኛው ስክሪኑን ሲያበራ መንገድ የለ፣ ሰው የለ፣ ቀዝቃዛ መስታወት ብቻ። ጋዲ ወደ እኛ ዞሮ «ማነው ደግሞ እዚህ የተከለው?» አይል መሰላችሁ! አልሰሜን ግባ በለው የተባለው ለእሱ ነው።

በኋላ የመስክ ፈተና ኃላፊ ሆንኩ። መሣሪያው መንገድ ላይ ወጥቶ የሚፈተንበት ክፍል ነው። አንድ ቫን አለን፣ ሾፌሩ ሳሚ ይባላል፣ ቁም ነገረኛ ሰው ነው። እኔ የመሻገሪያውን ምልክቶች አስፋልቱ ላይ እደረድራለሁ፣ የሚሻገሩትን ሰዎች አሰልፋለሁ፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጬ ስክሪኑን አያለሁ። በክረምት፣ በብርዱ ወራት፣ ቀኑ ቶሎ ስለሚጨልም ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲገባ እኛ ወደ መንገድ እንወጣለን።

አዲሱ መሣሪያ ማሳየት ብቻ ሳይሆን መወሰንም ጀምሮ ነበር። ሰው ካየ ቀይ ሳጥን ይሥላል፣ ይጮኻል፣ ራሱ ፍሬን ይይዛል። እንስሳ ካየ ቢጫ ሳጥን ይሥልና ጢጥ ብሎ ዝም ይላል፤ ፍሬን አይይዝም። ይህ ምክንያት አለው። በብርቱካን እርሻው ዳር ቀበሮ ይሯሯጣል፣ ድመት በየሰፈሩ ሞልቷል። ለእያንዳንዱ ድመት መኪናው ድንገት ቀጥ ቢል ከኋላ የሚመጣው ይገባበታል። እስከዚህ ድረስ እኔም ተስማምቻለሁ።

ለፈተና ፊቱ የሚሻገሩልን ተማሪዎች ነበሩ። ረጃጅሞች፣ ጂንስ የለበሱ፣ ደረታቸውን ነፍተው ስልካቸውን እያዩ የሚያልፉ። ሳጥኑ ሁልጊዜ ቀይ ነው። ጋዲ እጁን ያፋትጋል።

አቭነር የሚባል ደንበኛ ተገኘ። የሠራተኛ ማመላለሻ ሚኒባሶች አሉት። ከቂርያት ቫይዝማን ተነስተው ቢሉ ሴንተር ወደሚባለው የገበያ ማዕከል የሚሄዱት በእኛ ሽኹና መካከል አልፈው ነው፤ ሽኹና ሰፈር ነው። የባሌ አባት ሲመሽ ወደ ጸሎት ቤት የሚሻገሩት ይህንኑ መንገድ ነው፤ መብራቱን ዛፍ ሸፍኖታል፣ ጭል ጭል ይላል። ጋዲ ለአቭነር «ሾፌሮችህ ቢደክማቸው እንኳ አትስጋ፣ ፍሬኑን መሣሪያው ይይዝልሃል» እያለ ነበር የሚሸጥለት። አቭነርም «በሰፈሩ ሰዎች ፈትኑልኝ» አለ። ጋዲ መጣና «ቤላ፣ ከሽኹናሽ ሽማግሌዎች አምጪ» አለኝ።

የባሌ አባት ሰማንያን አልፈዋል። በስማቸው አልጠራቸውም፣ ነውር ነው፤ አባባ ነው የምላቸው። ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጡልኝ። ቀኑ ብርድ ስለነበር ሦስቱም ጋቢ ተከናንበዋል። ከፋብሪካው ኋላ ያለውን መንገድ ዘግተን ምልክቱን አሳየኋቸው።

«አባባ፣ መኪናው ሲመጣ ከዚህ ወደዚያ ይሻገሩ። አይስጉ፣ ሾፌሩ እግሩ ፍሬን ላይ ነው።»

«መኪናው ውስጥ ማነው ያለ?» አሉኝ።

«አለቃዬ አለ፣ አንዲት መሐንዲስም አለች።»

«እህ» አሉና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። እኔ ገብቼ ከሳሚ ጎን ተቀመጥኩ።

ቫኑ ተነሣ። አባባ ልክ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት እንደሚያልፍ ሰው ከወገባቸው ጎንበስ፣ አንድ እጃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ፊት ዘርጋ፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ ተሻገሩ። በሰው ፊት ደረት ነፍቶ ማለፍ ብልግና ነው፤ እኛ ያደግነው እንዲህ ተብለን ነው። መኪና ቆሞ ካሳለፋቸውማ ጭራሽ ዝቅ ይላሉ፣ ማመስገናቸው ነው።

ሳጥኑ ቢጫ ሆነ። ከሥሩ በዕብራይስጥ «እንስሳ» የሚል ጽሑፍ ወጣ። መሣሪያው ጢጥ አለና ዝም አለ። ፍሬኑን የያዘው ሳሚ ነው።

ቀጥሎ የተሻገሩት ጓደኛቸው ቢጫ። ሦስተኛውም ቢጫ።

ጋዲ ሳቀ። ምን ብሎ ሳቀ መሰላችሁ? «ቢያንስ አይቷቸዋል» ብሎ!

ደሜ ፈላ። እኒህ ሰው ስንት የተጣላ ያስታረቁ፣ ስንት ሙት ያስቀበሩ፣ ሲገቡ ሰው ሁሉ ብድግ የሚልላቸው ናቸው። ጎንበስ ያሉት እኮ እሱን አክብረው ነው! ያከበረንን ሰው ከቀበሮ የሚቆጥር ማሽን ሠርተን፣ ይህ ሳያንስ ደግሞ ይሳቅባቸዋል? «ምን ያስቅሃል?» አልኩት። ሳሚ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። ጋዲ «ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ እሺ በቃ፣ ቀልድ ነው» አለ።

አባባ ወደ መስኮቴ መጡ። «ልጄ፣ አየኝ?» አሉ።

«አይቶዎታል አባባ። ሰው መሆንዎን ግን አላወቀም።»

«ገና ነዋ እንግዲያ» አሉኝ።

መሐንዲሷ ኖዓ ኋላ ወንበር ላይ ኮምፒውተሯን ይዛ ነበር፤ እሷ አልሳቀችም። ነገሩ ለእሷ አዲስ እንቆቅልሽ አልነበረም፣ እዚያው ነገረችን። ጋቢው ሙቀቱን አምቆ ስለያዘ ስክሪኑ ላይ የደመቀው ፊትና እጅ ብቻ ነው፤ የቀረው ደብዛዛ ጉብታ ነው። ማሽኑ ደግሞ የተማረው ቀጥ ብለው ከሚሄዱ ሰዎች ምስል ነው። ጎንበስ ብሎ የሚሮጥ ነገር የሚያውቀው አራት እግር ያለውን ነው። «እነሱን ራሳቸውን እየደጋገምን ቀርጸን እናስተምረው» አለች። «ይስተካከላል፣ ጊዜ ብቻ ስጠኝ።»

«ጊዜ የለም» አለ ጋዲ። «ርክክቡ ደርሷል። ቤላ፣ ሰዎችሽን ቀጥ ብለው ይሂዱ በያቸው።»

እኔ መጀመሪያ በትክክል የሰማሁ አልመሰለኝም። ማሽኑን ከማስተካከል የሽማግሌ ወገብ ማስተካከል ቀለለው! «ሰማንያ ዓመት የጎበጠ ወገብ በምን ላቅናልህ?» አልኩት።

«እንግዲያስ የሚያብረቀርቅ ሰደርያ እናድላቸው፣ ያ ቢጫው።»

«ጋዲ፣ ካሜራው ቀለም አያይም ብለህ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህም? ሰደርያው ለማን ሊያብረቀርቅ ነው?»

ይህን ሲሰማ ተናደደ። «ለመሆኑ እንደዚህ የሚሄዱት ስንት ናቸው?» አለኝ።

«ለመሞት አንድ ይበቃል» አልኩት። ከቫኑ ወርጄ በሩን ወርውሬ ዘጋሁት።

ለሽማግሌዎቹ መሸኛ ሻይ እንኳ ያዘጋጀ አልነበረም። ሳሚ በራሱ መኪና ቤታቸው አደረሳቸው።

አሁን የማወራው ያንገበግበኛል። በማግስቱ ማታ፣ የባለቤቴን አባት አስቀምጬ «አባባ፣ መንገድ ሲሻገሩ ቀጥ ይበሉ» ብዬ ለመንኳቸው። የሚኒባሶቹ ነገር እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ሰው በማንም ላይ ሳይደርስ በገዛ ሰፈሩ፣ ከጸሎት ሲመለስ፣ እንደ ውሻ ተገጭቶ ይቅር? ምን ላድርግ!

አልተቆጡኝም። ብድግ አሉና ሳሎኑ ውስጥ ቀጥ ብለው ለመሄድ ሞከሩ። ሁለት እርምጃ ሄደው ወገባቸውን ያዙ። ባሌ አየና ሳቀ፤ እኔ አልሳቅሁም።

«ልጄ» አሉኝ ሲቀመጡ፤ «እኔ የማጎነብስ ለመኪናው አይደለም። ውስጥ ላለው ሰው ነው። መኪናው ነውር ካላወቀ አስተምሩት እንጂ፣ እኔ በስተርጅና ብልግና ልማር?»

በማግስቱ ጋዲ ቢሮ ገብቼ ይህንኑ ነገርኩት። ኖዓም ብቻዋን ገብታ ነገረችው። «ከርክክቡ በኋላ እናየዋለን» አለን። ከርክክቡ በኋላማ ሚኒባሶቹ በእኛ በር ያልፋሉ! ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ። ኖዓ «ተናግሬ ተናግሬ ደከመኝ» አለችኝ። «እኔ አልደከመኝም» አልኳት።

የርክክቡ ዕለት አቭነር ሊያይ መጣ፤ ቫኑ ውስጥ የሚታየውን መንገድ ዳር በተተከለ ሌላ ስክሪን ቆመን እናያለን። ጋዲ ተማሪዎቹን ብቻ ጠርቷል። ተማሪዎቹ ተሻገሩ፤ ቀይ፣ ጩኸት፣ ፍሬን። እንደገና ተሻገሩ፤ ቀይ። ይጨበጨባል። ቡሬካስ፣ ያ እንደ ሳምቡሳ ያለው፣ የሞላ ሳህን መንገድ ዳር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። አቭነር በጣም ደስ ብሎታል። ድንገት ወደ እኔ ዞሮ «ቤላ፣ ሚኒባሶቼ በሰፈርሽ ነው የሚያልፉት፤ በሰፈሩ ሰዎች ፈትኑልኝ ብዬም ነበር። የአንቺን ቤተሰብ ፊቱ ታሻግሪያለሽ?» አለኝ።

ጋዲ አፈጠጠብኝ። ምን እንደሚል ዓይኑ ይናገራል።

«የባሌን አባት አላሻግርም» አልኩ።

ለምን አለኝ፣ ነገርኩት። ጋቢውን፣ ጎንበሱን፣ ቢጫውን፣ «እንስሳ» የሚለውን ጽሑፍ አንድም ሳላስቀር። ጋዲ አቋረጠኝ። «ቤላ ታጋንናለች። አንድ ጊዜ ያጋጠመ ነገር ነው፣ የሚያሰጋ አይደለም።»

«የማያሰጋ ከሆነ ጋዲ ይሻገርልን» አልኩ።

ቦርሳዬ ውስጥ ጋቢ ነበረኝ። አስቤበት ነው ያመጣሁት። ትከሻው ላይ ጣል አደረግሁለት፣ ራሱን ከናነብኩት፣ ከወገቡ ጎንበስ እንዲል አሳየሁት። አቭነር እያየ ስለሆነ እምቢ ማለት አልቻለም፤ ለማስመሰል ፈገግ እያለ እግረኛ መንገዱ ጫፍ ላይ ቆመ። እኔ ወደ ቫኑ ጮክ ብዬ «ሳሚ፣ እግርህን ከፍሬን አንሣ፣ መሣሪያው ይያዝ!» አልኩ። ሳሚ በምንም ተአምር እግሩን እንደማያነሣ እኔም እሱም እናውቃለን፤ አስቀድመን ተጠቃቅሰናል። ጋዲ ግን አያውቅም።

ፈገግታው ጠፋ። «ሳሚ፣ እግርህን ፍሬኑ ላይ አድርግ» አለ።

«ታዲያ የሚፈተነው ማነው? ሳሚ ነው?» አልኩት።

ቫኑ መብራቱን አብርቶ ከወዲያ ጫፍ መምጣት ጀመረ። ጋዲ ጎንበስ አለና አንድ እግሩን አስፋልቱ ላይ አወረደ። መኪናውን አየ። እግሩን መለሰ። እንደገና አወረደ፣ እንደገና መለሰ። ከዚያ ጋቢውን ከትከሻው አውልቆ «አልሻገርም» አለ።

ማንም አላጨበጨበም። ተማሪዎቹ ስልካቸውን ትተው ያዩታል። አቭነር «እኔም አልረከብም» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ።

የኖዓ ጊዜ በዚህ ተገኘ። ሽማግሌዎቻችን ሳምንታት ሙሉ ተመላለሱ። በጋቢ፣ በከዘራ፣ ሴቶቹም የልጅ ልጅ አዝለው ነጠላ ደርበው ተሻገሩ። ኖዓ ሁሉንም ቀረጸች። ይህን ጊዜ ሻይ ነበረ፣ ወንበር ነበረ፣ እኔው ነኝ ያስመጣሁት። አንድ ምሽት አባባ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው ሲገቡ ሳጥኑ ቀይ ሆነ፣ መሣሪያው ጮኸ፣ ቫኑ ራሱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሳሚ «እኔ ፍሬኑን አልነካሁም» ብሎ ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። አባባ ለቫኑ እጅ ነሥተው አለፉ። አቭነር ተረከበ፣ ሚኒባሶቹ በሰፈራችን መሄድ ጀመሩ።

እኔስ ምን ሆንኩ? «ከእንግዲህ ደንበኛ ፊት አትቅረቢ» ተባልኩና ወደ ኪዩል ተመለስኩ። ኃላፊነቴን ወሰዱት። ጋዲ መንሃል እንደሆነ ነው። እንግዶች ሲመጡ በክፍሌ ያሳልፋቸዋል፤ «የእኛ መሣሪያ የባህል ልብስ የለበሰውን፣ ጎንበስ ብሎ የሚሄደውን ሁሉ ይለያል፣ መጀመሪያ ያሰብኩት እኔ ነኝ» ሲላቸው ሳህኔ ፊት ቁጭ ብዬ እሰማዋለሁ። ወይ ዓይን አውጣነት! አንድ ቀን እንግዳው ወደ እኔ ዞሮ «እውነት ነው?» አለኝ። «መለየቱ እውነት ነው» አልኩት። ጋዲ እንግዳውን እጁን ይዞ አወጣው።

በቅርቡ ጡረታ እወጣለሁ። እኔን የሚተኩ ልጆች ሌንስ እንዴት እንደሚጠረግ፣ ሳህኑ እንዴት እንደሚስተካከል አሳይቻቸዋለሁ። ይህንንም ነግሬያቸዋለሁ። ለሰው ፍሬን የሚይዝ ማሽን የሠራ፣ መጀመሪያ ራሱ ፊቱ ይሻገር። አልሻገርም ካለ ማሽኑ አላለቀም።